የሐጋያ ትንበያ «ከመደበኛ በታች 55 በመቶ» ሲል ለአርብቶ አደሩ ምን ብለን እንንገረው?

የቆላው_ልጅ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቦረና ቆላ ውስጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ለሐጋያ (ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ለሚዘንበው አጭር ዝናብ) ወቅት የወጣው የምሥራቅ አፍሪካ የዝናብ ትንበያ ካርታ ደርሶናል። የእኛ ወረዳ ቡናማ ቀለም ተቀብቶ «ከመደበኛ በታች 55፣ ወደ መደበኛ የቀረበ 30፣ ከመደበኛ በላይ 15» ይላል። የሙቀቱ ካርታ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። ጋናውም (ዋናው የበልግ ዝናብ) ሳስቶ ነው ያለፈው፤ ሃሮዎቹ (የዝናብ ውሃ የሚያቁሩት ኩሬዎች) አልሞሉም፣ ሣሩም ተራቁቷል።

ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። ለቀበሌዎች የተዘጋጀው ረቂቅ ደብዳቤ «የዘንድሮው ዝናብ በ55 በመቶ ይቀንሳል» ይላል፤ ልክ ነው? ሙቀቱ መጨመሩስ ለሃሮ ውሃና ለግጦሽ በቁጥር ሲሰላ ምን ያህል ነው? ሽማግሌዎቹ ደግሞ «መጀመሪያ ሰማዩን እንየው» እያሉ ነው። ዝናቡ እስኪገባ ሊጠበቅ የሚችለው የትኛው ሥራ ነው፣ የማይጠበቀውስ?

ሰማይ_አንባቢ

ደብዳቤው እንደዚያ ሆኖ እንዳይወጣ። 55 የዕድል ቁጥር ነው፤ ስንት ሚሊሜትር እንደሚጎድል አይናገርም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከ1991 እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) ያሉት የ30 ዓመታት የወቅቱ ዝናብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደራል። ዝቅተኞቹ 10 ዓመታት «ከመደበኛ በታች»፣ መሀለኞቹ 10 «ወደ መደበኛ የቀረበ»፣ ከፍተኞቹ 10 «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ስለ መጪው ወቅት አንዳች ፍንጭ ባይኖር ለሦስቱም እኩል 33 በመቶ ይሰጥ ነበር። ዘንድሮ የደረቁ ክፍል ዕድል ከ33 ወደ 55 ከፍ ብሏል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ካርታ 20 ጊዜ ቢወጣ 11 ያህሉ ደረቅ፣ 6ቱ መካከለኛ፣ 3ቱ እርጥብ ሆነው ያልፋሉ ተብሎ ይጠበቃል። ከ3ቱ አንዱ የመጣ ዓመት ሁሉም ሰው «ትንበያው ዋሸ» ይላል። እርጥቦቹ ጨርሶ ባይመጡ ነበር ቁጥሩ ስህተት የሚሆነው።

ለአርብቶ አደሩ በመቶኛ አይነገርም፤ የሚያውቃቸውን ዓመታት ጥራለት። በአቅራቢያህ ያለውን ጣቢያ የ30 ዓመት መዝገብ ውሰድ። ጣቢያ ከሌለ ቺርፕስ የሚባለው የሳተላይትና የጣቢያ ቅልቅል መረጃ አለ፤ ከ1981 ጀምሮ ያለውን በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥራት በነጻ ታገኛለህ። የየዓመቱን የሦስት ወር ድምር ደርድርና በ10ኛውና በ11ኛው መካከል እንዲሁም በ20ኛውና በ21ኛው መካከል መስመር አስምር። ድንበሮቹ ለምሳሌ 120 እና 180 ሚሊሜትር ሆነው ቢወጡ ያኔ መልእክት አለህ፦ «ከሃያ አሥራ አንድ እጁ ከ120 በታች ነው፤ ከ120 በታች የሆኑት ዓመታት ደግሞ እነ እገሌ ነበሩ።» ሽማግሌው ዓመቱን ሲሰማ ከብቱ የት እንደነበረና የትኛው ኤላ (ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ) እንደደረቀ ራሱ ይነግርሃል።

በዚህ ስሌት ላይ ሰው የሚስተው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው አማካይ ነው። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላ የዚህ ወቅት አማካይ በጥቂት ጎርፍ ዓመታት (1997፣ 2019) ወደ ላይ ይሳባል። ስለዚህ ደህና የሚባል ዓመት ሁሉ «ከአማካይ በታች» ሆኖ ይታይሃል። በድርድሩ መሀል ያለውን ዓመት ተጠቀም። ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። ካርታው የተሠራው ከኦክቶበር 1 እስከ ዲሴምበር 31 ሲሆን በእኛ ከመስከረም 21 እስከ ታኅሣሥ 22 ነው። «ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ» ብለህ ስትጽፍ የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ቆርጠህ ጣልክ፤ የዝናቡ መግቢያ የሚጠበቀው ግን በእነዚያው ቀናት አካባቢ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የበጋ ትንበያ ደግሞ አራት ወር ስለሚሸፍን የሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አታስቀምጥ።

ነፋስ_ከምሥራቅ

ለምን ደረቅ እንደተባለ ጠያቂው ባይጠይቅም ሽማግሌዎቹ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ልጨምር።

በዚህ ወቅት ዳኛው ባሕሩ ነው። ሁለት ቦታ ይታያል። አንዱ ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ ሰሜንና ደቡብ፣ ከ170 እስከ 120 ዲግሪ ምዕራብ ያለው የፓስፊክ ክፍል ነው። የውሃው ሙቀት ከመደበኛው በ0.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቀዝቅዞ ሲሰነብት ላኒና ይባላል። ሌላው የሕንድ ውቅያኖስ ዳይፖል ነው፤ ከምዕራቡ (ከአፍሪካ ወገን) የሙቀት ልዩነት ላይ የምሥራቁ (የሱማትራ ወገን) ይቀነሳል። ውጤቱ ከ0.4 ዲግሪ በላይ ኔጌቲቭ ሲሆን ሙቁ ውሃ ከኢንዶኔዥያ ጋር ሆኗል ማለት ነው። አየሩ እዚያ ሽቅብ ይወጣና እኛ ዘንድ ቁልቁል ይወርዳል። ወደ እኛ እርጥበት ይዞ የሚመጣው የምሥራቅ ነፋስም ይደክማል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሐጋያና ዴይር (በሶማሌ ክልል የዚሁ ወቅት ዝናብ) ይጎዳሉ፤ በ2010፣ በ2021 እና በ2022 የታየው ይህ ነው። በ2016 ላኒናው ደካማ ነበር፤ ዳይፖሉ ግን በኃይለኛው ኔጌቲቭ ስለነበር ወቅቱ ደረቀ። በተቃራኒው በ2011 ላኒና እያለ የሕንድ ውቅያኖስ ስላልተባበረ ዝናቡ በብዙ ቦታ ጥሩ ሆኖ አለፈ። ያቺ የ15 በመቶ ዕድል ይህን ትመስላለች።

ከክረምቱ ጋር እንዳይምታታ። ኤልኒኖ የሰሜኑንና የመካከለኛውን ክረምት ያደርቃል (2015)፤ ለእናንተ ሐጋያ ግን ባብዛኛው ዝናብ ያመጣል። ላኒና ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ «ላኒና ጥሩ ነው» የሚለው የሬዲዮ ወሬ ለደጋው ክረምት እንጂ ለቦረና አይሠራም።

ከጋና ይልቅ የሐጋያ ትንበያ የበለጠ ይታመናል፤ ባሕሩ በዚህ ወቅት ላይ ያለው ጉልበት ከባድ ስለሆነ ነው። ዳይፖሉ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ይበረታና በዲሴምበር ይፈርሳል። በመስከረም መጨረሻ የሚወጣውን ማሻሻያ ሳታይ አትቀመጥ።

የሃሮ_ስሌት

ስለ ሙቀቱ፦ ብዙ ሰው እንደሚያወራው አይደለም፤ ግን ቀላልም አይደለም። በቁጥር እንየው።

ፊቱ 40 በ30 ሜትር የሆነ ሃሮ እንውሰድ፤ 1,200 ካሬ ሜትር ነው። ደረቅ፣ ነፋሻ፣ ደመና የሌለው ቀን ላይ ክፍት ውሃ 6 ሚሊሜትር ያህል ይተናል። በካሬ ሜትር አንድ ሚሊሜትር አንድ ሊትር ስለሆነ በቀን 7,200 ሊትር ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በሙቀት ጊዜ በቀን 25 ሊትር ያህል ስለሚጠጣ ሃሮው ለ288 ከብት የሚበቃውን ውሃ በየቀኑ ለሰማይ ያጠጣል ማለት ነው። በ90 ቀን ከጥልቀቱ 54 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ ወደ ታች የሚሰርገው ሳይቆጠር።

አሁን አማካይ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ጨመረ እንበል። ትነትን ከሙቀት በሚያሰላው በሃርግሪቭስ ቀመር ትነቱ ከአማካይ ሙቀቱ ላይ 17.8 ተደምሮ በሚገኘው ቁጥር ልክ ነው የሚሄደው። አማካዩ 24 ከሆነ 41.8 ላይ 1 ይጨመራል፤ 2.4 በመቶ ነው። ለሃሮው በቀን 170 ሊትር ገደማ፣ ሰባት ከብት ማለት ነው። ስለዚህ «ሙቀቱ ሃሮውን አደረቀው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ከሙቀቱ ጋር የሚመጣው ነገር ነው፤ ደመና የለም፣ አየሩ ደርቋል፣ ነፋሱ አይቆምም። መሬቱም ሲደርቅ ፀሐዩ ለትነት የሚያውለው እርጥበት ስለሌለው ጉልበቱ ሁሉ አየሩን ወደ ማሞቅ ይሄዳል። ድርቀቱ ራሱ ሙቀቱን ያባብሰዋል። የቀይ ካርታው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሌላው የዓለም ሙቀት በጠቅላላው ከፍ ማለቱ ነው።

ሙቀቱ ከሃሮው ይበልጥ የሚበረታው በሣሩና በእንስሳው ላይ ነው። 30 ሚሊሜትር ዘንቦ በቀን 5 ሚሊሜትር ከሚተንበት መሬት ላይ እርጥበቱ በሳምንት ያልቃል። ቀጣዩ ዝናብ በ12 ቀን ከመጣ ያቆጠቆጠው ሣር ደርቆ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከድምሩ ይልቅ በዝናብና በዝናብ መካከል ያለውን ክፍተት ቁጠሩ።

ለሃሮው አንድ ቀላል ሥራ ልንገርህ። በየ1 ሴንቲሜትሩ ምልክት የተደረገበት እንጨት መሀል ላይ ትከልና ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከብቱ ከመድረሱ በፊት አንብብ። ማታ ከብቱ ከሄደ በኋላ እንደገና አንብብ። ከማታ እስከ ጠዋት ያለው ቅነሳ ባብዛኛው ስርገት ነው፤ በሌሊት ትነት ዝቅተኛ ነው። ሌሊቱ ብቻውን 1 ሴንቲሜትር የሚወስድ ከሆነ ችግሩ ወለሉ ላይ ነው። ያን ሃሮ አጥር ቢያጥሩትም ጥላ ቢያለብሱትም አይድንም፤ መጀመሪያ ተጠጥቶ ይለቅ፣ የማይሰርገው ይቆይ። በሶማሌ ክልል ቢርካ (የውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳ) ላይ ክዳን ማድረግ የተለመደው ፊቱ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ 1,200 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የለም።

ጤፍ_አጫጅ

ከደጋ ወገን ላላችሁ አንባቢዎች በአጭሩ፦ ያው ቡናማ ቀለም ሰሜን ሸዋ ወይም ጎጃም ላይ ቢታይ እንደ ቦረና አትደንግጡ። በእኛ ወቅቱ በጋ ነው፤ መደበኛው ራሱ ትንሽ ስለሆነ «ከመደበኛ በታች» ማለት አጨዳና ውቂያ የሚመች ሰማይ ማለት ነው። አንዳንድ ካርታ ላይ እንዲያውም እንዲህ ያለው ቦታ ግራጫ ተደርጎ ይዘለላል።

የሙቀቱ ቀይ ግን ያታልላል። የሦስት ወር አማካይ ነው። ሰማዩ በጠራ ቁጥር ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ቦታ በቀይ ካርታ ሥር ሆኖ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ሊጥል ይችላል። ማታ ነፋስ ከቆመ፣ ሰማዩ ከጠራና አየሩ ደረቅ ከሆነ ተጠንቀቁ። አትክልት ያለው ሰው በዚያ ቀን ከሰዓት በፊት መሬቱን ውሃ ቢያጠጣው ይጠቅማል፤ እርጥብ አፈር ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ጭስ ማጨስ ግን ብዙም አይረዳም።

የቆላው_ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ፤ ደብዳቤው ተይዟል። ሦስተኛው ጥያቄዬ ግን እንዳለ ነው። 45 በመቶ «ደረቅ ላይሆን ይችላል» እየተባለ ሰውን ከብትህን ሽጥ ማለት ይከብዳል። ሸጦ ዝናቡ ቢዘንብስ?

መኖና_ገበያ

ለሁሉም ውሳኔ አንድ መልስ የለም፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ነገር ጠይቅ። ሠርቼው ዝናቡ ቢዘንብ ምን አጣለሁ? ሳልሠራው ቢደርቅስ ምን አጣለሁ? የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር አካፍል። ውጤቱ ከድርቁ ዕድል ካነሰ ሥራው። ለምሳሌ ያረጀች፣ ዘንድሮ ያልወለደች ላም አሁን ብትሸጥና ዝናቡ ቢዘንብ ከዋጋዋ 15 በመቶ ታጣለህ እንበል። ሳትሸጣት ቢደርቅ ደግሞ 60 በመቶ ይሄዳል። 15 ለ75 ሲካፈል 0.20 ነው፤ ከ0.55 ያንሳል፣ ትሸጥ። ጥሩ የምትታለብ ላም ግን ብትሸጥ መልሶ መተካት ከባድ ስለሆነ ስሌቱ 0.7 ሊደርስ ይችላል፤ እሷ ትቆይ። ቁጥሮቹ የእናንተ ገበያ ቁጥሮች መሆን አለባቸው፤ ከሰዎቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሙሏቸው። «ሽጥ» ከማለት «የትኛዋን?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

በዚህ መንገድ ካየኸው ዝናቡን የማይጠብቁት እነዚህ ናቸው። ሃሮ መጥረግ፦ ደለሉ ከዝናብ በፊት ካልወጣ ወቅቱ አለፈ፤ ዝናቡ ቢበዛም ቢያንስም አትከስርበትም። ክትባት፦ የከሳ እንስሳ ቢከተብም ሰውነቱ በቂ መከላከያ ስለማያመርት አሁን ገና ሥጋ እያለው ይሁን። ኮርማዎችና ያረጁ ላሞች፦ የሰውነታቸው ይዞታ ከ5ቱ ደረጃዎች 3ኛው ላይ እያለ ይውጡ፤ ሁሉም ሰው ኅዳር ላይ ሲያወጣ ገበያው ይሞላል፣ እንስሳውም ከስቶ ይቀርባል። ካሎ፦ ለጥጃና ለደካማ ላም ተብሎ የታጠረው ሣር አሁን በሩ ይዘጋ፤ ያለ ጊዜው ቀድሞ የበላው ከብት ኅዳር ላይ የሚበላው አያገኝም።

ሊጠበቁ የሚችሉት ደግሞ መዝራት፣ የፎራ (ከቤት ርቆ የሚሰማራ) ከብት ማንቀሳቀስ፣ መኖ መግዛትና ውሃ በቦቴ ማመላለስ ናቸው። እነዚህ ላይ ግን ቀን ቁረጡላቸው፤ ቀን የሌለው «እናያለን» ኅዳርን ያልፋል። የምሥራቅ አፍሪካ ትንበያ ማዕከሉ ዝናብ ገባ የሚለው በ3 ቀን ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊሜትር ዘንቦ በተከታዮቹ 21 ቀናት ውስጥ 7 ተከታታይ ደረቅ ቀን ሳይኖር ነው። 20ውን ማየት ትችላለህ፤ 21 ቀኑን ግን ማወቅ አትችልም፤ ስለዚህ 20ው ሲሞላ የየሳምንቱን ትንበያ አይተህ ብቻ ቦሎቄ አስዘራ፤ ያውም ከዘሩ ግማሹን። የውሸት መግቢያ ዘር የሚያስበላው በዚህ መንገድ ነው።

የእኔ ቀጠሮዎች እንዲህ ይሆኑ ነበር። ጥቅምት 10 ድረስ 20 ሚሊሜትሩ ካልሞላ የፎራ መንገድና ኤላ ላይ ከጎረቤት ወረዳ ጋር ንግግር ይጀመር። ጥቅምት 30 የተጠራቀመው ዝናብ ለዚያ ቀን ከሚጠበቀው መሀለኛ ቁጥር ግማሹን ካልሞላ ፎራው ይንቀሳቀስ፣ ለዋራው (ቤት አጠገብ ለሚቀረው የወተት ከብት) መኖ ይገዛ። ከኅዳር 20 በኋላ የሚመጣ ዝናብ ሃሮ ሊሞላ ይችላል፤ ሣር ግን ብዙም አያበቅልም፤ በእሱ ተስፋ ውሳኔ አይዘገይ።

የመኖው ስሌት፦ ከብት በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ለ250 ኪሎ 6.25 ኪሎ፣ ድርቆሹ ውስጥ ያለው ትንሽ እርጥበት ሲታሰብ 7 ኪሎ ነው። ነፍስ ለማቆያ ግማሹ 3.5 ይበቃል። ለ60 ቀን 210 ኪሎ፣ በ15 ኪሎ እስር 14 እስር ለአንድ ላም። ይህን በቤተሰብ ስታባዛው መንጋውን ሁሉ መመገብ እንደማይቻል ወዲያው ይታይሃል፤ ለየቤቱ ሁለት ላምና ጥጆች ብለህ ወስን። ገለባ ብቻ አይበቃም፤ ፕሮቲኑ ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። የግራር ፍሬ መሰብሰብ ይረዳል። ገለባን በዩሪያ ማከም በየመመሪያው አለ፤ ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያና ቢያንስ 50 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ በሌለበት ቆላ ላይ ማን እንደጻፈው እንጃ። የተራበን ከብት በድንገት በቆሎ ማብላት ደግሞ ሆዱን አኮምጥጦ ይገድላል፤ በሳምንት ቀስ እያልክ ጨምር።

«ቢዘንብስ?» ላልከው፦ ከድርቅ በኋላ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ዝናብ ራሱ የከሳ ከብት ይጨርሳል። ስለዚህ ለዋራው የተገዛው ድርቆሽ ቢዘንብም አይባክንም፤ አዲሱ ሣር እስኪጠና ሁለት ሦስት ሳምንት ያስፈልጋል።

ሰማይ_አንባቢ

በመኖና_ገበያ ቀጠሮዎች ላይ አንድ ነገር ብቻ። ቁጥሮቹ የሚሠሩት ዝናቡ በቦታው ከተለካ ነው። የወረዳ ከተማ ላይ 25 ሲዘንብ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ቀበሌ ጠብታ ላያይ ይችላል፤ የሐጋያ ዝናብ በየደመናው ነው የሚወርደው። በየቀበሌው አንድ መለኪያ ይኑር። ከሌለ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ አፉና ታቹ እኩል የሆነ ጣሳ ይበቃል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ቁመት በሚሊሜትር ሲለካ ያው የዝናቡ መጠን ነው። አፉ የሰፋ፣ ታቹ የጠበበ ባልዲ ግን አይሆንም፤ አብዝቶ ያሳያል። በአቅራቢያው ካለ ዛፍ ወይም ቤት ቢያንስ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ይራቅ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ይነበብ፤ ባዶ ቀንም «0» ተብሎ ይጻፍ። ያልተጻፈ ቀንና ያልዘነበ ቀን ከተደባለቁ የደረቅ ቀናቱን ክፍተት መቁጠር አይቻልም።

የቆላው_ልጅ

ጣሳው ከነገ ጀምሮ በአራት ቀበሌ ይተከላል። የ30 ዓመቱን ድርድር ቺርፕስ ላይ ሠርቼ ድንበሮቹን እዚሁ እለጥፋለሁ፤ ከጣቢያው መዝገብ ጋር የሚያስተያይልኝ ካለ ይጠቁመኝ።